ማዳመጫው ወይስ ማጉያው

በፍኖተ ሰላም አንድ ታላቅ ጉዳይ ለውሳኔ ቀረበ፦ ከአሮጌው የጆሮ ማዳመጫና ከድምፅ ማጉያው የትኛው አስቀድሞ ይቀየር? መሪጌታ ዓለምብርሃን በስልካቸው በቀዱት ማኅሌት ላይ ዜማውን ማን እንደሰበረው ሊለዩ ቆርጠው ነበር። የጠረጠሩት መሪጌታ እንድሪያስን ነው።

“የኔታ፣ ማጉያ ያጮኸዋል እንጂ አይለየውም፤ መጀመሪያ ይህን አዲሱን ማዳመጫ ይሞክሩት” አለች ባለሱቋ ሰብለ።

መሪጌታ ማዳመጫውን ከጥምጥማቸው በላይ ደፍተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ይኸው! እንደ ወይፈን የሚያገሳው!” አሉ በደስታ።

በቅጂው ውስጥ ያለው ዜማ ሰባሪ ግን ወዲያው “እህህም” ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። መሪጌታ ያን ጉሮሮ ያውቁታል፤ ዛሬ ጠዋትም የጠረጉት እሱኑ ነበር። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

“አሮጌው ይበቃኛል።”

“ምነው የኔታ? ሰውዬው አልተለዩም?”

“ተለይተዋል።”

“ማን ሆነው ተገኙ?”

“አልናገርም።”