ቁርጥ እትዬን

ተዋናይቷ ለዓመታት የቋመጠችለትን የጎረቤቷን የድሮ ቀሚስ እንደለበሰች ከመድረኩ ጀርባ ቆማለች። የሰፈሩ ሰው ሳቅና ጭብጨባ ገና አልበረደም። ያሳቀቻቸው ግን ቀሚሱን ያዋሷትን ሴትዮ አስመስላ ነበር፤ አነጋገራቸውን፣ ሲስቁም የጎደለ ጥርሳቸውን በመዳፋቸው መሸፈናቸውን ሳይቀር።

በሩ ተከፈተና ሴትዮዋ ራሳቸው ገቡ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ..." አለች።

"ጎበዝ ነሽ ልጄ፤ ቁርጥ እኔን!" አሉና ፈገግ አሉ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሲሄድ ግን መንገድ ላይ አቆሙት። በዚያው እጅ የቀሚሱን አንገትጌ አቃኑላት።

ፊቷ እንደ እሳት እየነደደ ቁልፎቹን መፍታት ጀመረች።

"ተይው፣ አታውልቂው፤ ያንቺ ይሁን" አሏት ቀስ ብለው። "ከእንግዲህ እኔ ብለብሰው ሰፈሩ ይስቃል።"