በጊዜ የሚናገር ሐኪም

ሩታ እህል አልቀምስ ያለውን ውሻዋን በፎጣ ጠቅልላ፣ ሱሉልታ ካለው የእንስሳት ክሊኒክ ደጃፍ ላማቸውን ይዘው ከቆሙት ከኦቦ ዲንሳ ኋላ ወረፋ ያዘች።

«ቡራዩ ወስጄው ሐኪሙ ሳይነካው መርፌ አዘዘለት» አለቻቸው። «የዚህኛው ክሊኒክ ሐኪምስ እንዴት ነው?»

«እንደሱ ያለ የለም፣ ልጄ! ሌሎቹ መድኃኒት ሲያፈራርቁ ከብትሽ ይሞትብሻል። ይሄ ግን የማይድን ከሆነ በጊዜ ‹እረዱት› ይልሻል። ሥጋው እንኳ አይበላሽም።»

ሩታ ውሻዋን እቅፍ አድርጋ ወደ መንገዱ ስታይ ሐኪሙ ብቅ አለ። «ውሻው ይቅደም» አለ። እጁን ታጠበ፤ ውሻው እስኪያሸተው ጠበቀው፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ አየና መቆንጠጫ አነሳ።

«ዶክተር፣ በጊዜ የሚባል ነገር ካለ...» አለች።

ሐኪሙ በመቆንጠጫው ከውሻው ላንቃ ላይ የተሰነቀረች የአጥንት ስባሪ መዘዘ። ውሻው አፉን ላሰ፤ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ከሐኪሙ ጋዋን ኪስ ብቅ ያለውን ቦምቦሊኖ ከነወረቀቱ መንትፎ ዋጠ።

ሩታ ፎጣውን አጣጠፈች። «እፎይ!»

«የምግብ ፍላጎት መክፈቻ ላዝለት ነበር» አለ ሐኪሙ ኪሱን እየዳበሰ፤ «ይቅር።»