የግራ ትከሻ

ሠዓሊው ስድስቱን የጭድ ሰዎች ከማሽላው ማሳ ፊት ካቆመ በኋላ ፈቀቅ ብሎ አያቸው። የለበሷቸው ሸሚዞች ከሸዋ ሮቢት ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰዱ የስድስት ልጆች ነበሩ፤ የሰጡትም እናቶቻቸው ናቸው። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ግን የሆነ ነገር ጎድሏቸዋል፤ ምን እንደሆነ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

እትዬ ዘሃራ ከማሳው ጥግ መጡና የልጃቸውን ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰውን ትንሽ አተኩረው አዩት። ከዚያ የግራ ትከሻውን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ዝቅ አደረጉት። ከደረቱም ሁለት እፍኝ ጭድ መዘው ጣሉ።

«ኧረ እትዬ፣ አበላሹት እኮ!»

«አባቱ ከሞተ ጀምሮ ሞፈርና ቀንበር የሚሸከመው በዚህ ትከሻው ነው» አሉ። «ደረቱ ደግሞ ወላሂ ገና አልሞላም። ልጅ እኮ ነው።»

ሠዓሊው ቀና ሲል ክው አለ። ከፊቱ የቆመው ከእርሻ የተመለሰ፣ የደከመው ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕልም ቅርጻ ቅርጽም አምስት ዓመት ሲማር ይህን ያሳየው አልነበረም።

«እትዬ፣ የሌሎቹን እናቶች ይጠሩልኛል?»

«ምን ጠሪ ያስፈልጋቸዋል?» አሉ ወደ መጡበት እያመለከቱ።

አምስቱም ከጠዋት ጀምሮ ማሳው ጥግ ቆመው ነበር፤ ይሉኝታ ይዟቸው።