ቢጫው ጃንጥላ

በየወሩ የሚሰበሰበው የሃይኩ፣ ማለትም የአጭር የጃፓን ግጥም፣ ማኅበር ግጥሞች እንደ ልማዱ የጸሐፊ ስም የላቸውም፤ ጸሐፊው በእጅ ጽሑፉ እንዳይለይም ሌላ ሰው ገልብጧቸዋል። ቶዮኮ የደረሳትን ስታነብ ሳቋ አመለጣት። በመጋቢቱ ግጥም ቢጫ ጃንጥላ ደጅ ተዘርግቶ ይደርቅ ነበር፤ በሚያዝያው በር ላይ ተረስቶ ቀረ፤ በዛሬው ደግሞ አንድ ሰው ከሥሩ ለመጠለል ዝናብ ይለምናል።

«ጃንጥላው ሞት ነው» አሉ ከአባላቱ አንዱ የሆኑት ጡረተኛ መምህር።

«ኧረ ጋሼ፣ ሞት ቢጫ ይለብሳል እንዴ!» በሩ ሥር የቆመውን የራሷን ቢጫ ጃንጥላ ሰረቅ አድርጋ አየች። «እኔ ይህን መርጫለሁ።»

ግጥሙ የተመረጠለት ሰው ስሙን ጮክ ብሎ መናገር አለበት።

«ኩሪሃራ» አለ ከአባላቱ መካከል ያለው አሣ ሻጭ፣ ጆሮው ቲማቲም መስሎ።

ሲወጡ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቶዮኮ ጃንጥላዋን ዘረጋች።

«ምን ይገትርሃል? ና ግባ እንጂ፣ እንዳትበሰብስ!»