ጓ! ጓ!

የጊታር አስተማሪው የታወቁ የሕንድ ፊልም ዘፈኖችን ለአንድ ጊታር ብቻ ያቀናብራል። በአውራ ጣቱ ቤዙን፣ በቀሩት ጣቶቹ ዜማውን እየተጫወተ ዘፋኙንም ከበሮ መቺውንም ከሥራ ያስወጣቸዋል። ከሁሉም የሚመካበት ግን በልጅነቱ፣ ሰፈሩ ወደነበረው ቪዲዮ ቤት ቴፕ ይዞ ገብቶ ከፊልሙ ላይ የቀዳው የፍቅር ዘፈን ነው። እሱን ሲጫወት መሃል ላይ ዜማውን ድንገት ያቆምና የጊታሩን ሆድ ሁለቴ ጓ! ጓ! አድርጎ ይቀጥላል።

ትርሲት የምትባል ተማሪው እነዚያን ምቶች ዘላ በመጫወቷ ከቅዳሜው ኮንሰርት ሊያስቀራት ነው።

«ጋሼ፣ ያለ እነሱም እኮ ያምራል!»

«ያምራል? ፊልሙ ላይ ፍቅረኛው ባቡር ተሳፍራ ስትሄድበት የልጁ ልብ ነው እንደዚያ የሚመታው! አንቺ ልብ የለሽም እንዴ?»

ትርሲት በማግስቱ እናቷን አማላጅ ይዛ መጣች። እናትየው እትዬ አስካለ የዚያው ቪዲዮ ቤት ባለቤት የነበሩ ናቸው።

«እንግዲያው እርስዎ ይፍረዱን» አለና አስተማሪው መጫወት ጀመረ። ጓ! ጓ! ሲያደርግ እትዬ አስካለ በሳቅ ፍርስ አሉ።

«አበስኩ ገበርኩ! ይሄማ እኔ ነኝ! ያ የተረገመ የቪዲዮ ቤቴ ቴሌቪዥን ድምፁ ጥፍት ሲል ሁለቴ ካልደለቅኩት መች ይነቃ ነበር!»

አስተማሪው አጎንብሶ የጊታሩን ሆድ አየ። ትርሲት ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። በመጨረሻ ቀና ብሎ በትሕትና ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ በመዳፍዎ ነበር ወይስ በጡጫ?»