«የዋለልኝ ሚስት እዚህ ቤት ናት?»

ያን ቀን በሩን የከፈትኩት እኔ ብሆን ኖሮ... አሠሪዬ ማዳም ከኋላዬ ቆማ እየሰማች... «አዎ፣ እኔ ነኝ» እል ነበር?

እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አጻጻፌን ታገሱኝ፤ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ጅቡቲ የገባሁት ከባሌ ከዋለልኝ ጋር ነው። እሱ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። እኔን አንዲት ደላላ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት አስቀጠረችኝ፤ እዚያው እያደርኩ ነው የምሠራው።

ደላላዋ በር ላይ ስታደርሰኝ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ።

«ባል አለኝ እንዳትዪ። ባል ያላትን አይቀጥሩም። ማን ነው ካሉሽ ወንድሜ ነው በያቸው።»

እዚህ ያለን ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምንለው... ስንቱ ባል በአሠሪ ፊት ወንድም ሆኖ እንደኖረ እኛው ነን የምናውቀው።

ዋለልኝ ስነግረው ሳቀ። አርብ አርብ እየመጣ በሩ ላይ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል... ዘበኛው ዞር ሲል ደግሞ በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

ዘበኛው ዓብዱሰመድ ይባላል። ድሬዳዋ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛ ይችላል። እህቱን እንዲህ የሚወድ ወንድም አላየሁም ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ አርብ ዋለልኝ ቀረ።

ማርገዜን ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር።

ከሰዓት ጫቱ ሲገባ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበና ፊልም ተከፈተ። ፈረንሳይኛ ነው። እኔ ጥግ ላይ አንሶላ እያጣጠፍኩ አያለሁ። የቤቱ ልጅ ሱሪያ በሐበሻ ሞግዚቶች እጅ ስላደገች አማርኛ ታውቃለች፤ እሷ ትተረጉምልኛለች።

ባሏ የጠፋባት ሴት ታሪክ ነው...

መኪናው ባሕሩ አጠገብ ቆሞ ተገኘ። ፖሊስ ውሃ ውስጥ ፈለገ። ሴትየዋ ታለቅሳለች። እኔ አንሶላውን ጨብጬ ቀረሁ።

በመጨረሻ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ምርጡ ሸሚዙ የለም። ሰውየው አልሞተም... ሌላ ከተማ ፂሙን ተላጭቶ ከሌላ ሴት ጋር ቁርስ ይበላል።

ሱሪያ ሳቀች።

«አየሽ? ጠፋ የተባለ ወንድ ሁሉ የሆነ ቦታ ተላጭቶ ተቀምጧል።»

በሚቀጥለው አርብም ዋለልኝ አልመጣም። ፈቃድ ጠይቄ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር፣ የተከራያት ክፍል ሄድኩ። ሳጥኑን ከፈትኩት...

ነጩ ሸሚዙ የለም።

የሰርጋችን ሸሚዝ።

ጎረቤቱ ሻሼ አንድ የማታውቀው ልጅ መጥቶ በፌስታል የሆነ ነገር ይዞ ሲወጣ እንዳየችው ነገረችኝ። ሰላም እንኳን ሳይላት በጥድፊያ ነው የሄደው አለችኝ።

በቃ... ሰው ልኮ አስወሰደ አልኩ። ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ።

ሆስፒታል ልፈልገው አልሄድኩም። ኮምቦልቻ ለእናቱ ለእማማ አዳነች ደወልኩና ልጅዎ ትቶኝ ሄደ አልኳቸው።

ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ሆዴ ሲገፋ ከጋቦዴ አባረሩኝ። ልጄን ትግስትን ወለድኩ። አሁን ካርቲየ 5 አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ።

የመን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ባሕር ተሻግሮ የሄደው ሐበሻ ብዙው ወደዚህ ተመለሰ። ከነሱ አንዱ ባፈና ይባላል። ምሳ ሊበላ ገብቶ ከልጄ ጋር ሲጫወት ስሟን ጠየቃት። እሷ ሁሌም ስሟን ከነአባቷ ነው የምትናገረው።

«ትግስት ዋለልኝ።»

የጠቀለለው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ።

ወደብ ላይ ዋለልኝ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ አለኝ... ጆንያ የተናደበት።

ቀስ እያለ ነገረኝ። ሆስፒታል ሲያስገቡት ዋለልኝ መናገር አይችልም ነበር። ባፈና የሚያውቀው ሚስቱ ጋቦዴ ሰው ቤት እንደምትሠራ ብቻ ነው። በር በር እያንኳኳ ፈለገኝ። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከፈተለት...

«የዋለልኝ ሚስት እዚህ ቤት ናት?»

«ዋለልኝን አውቀዋለሁ፤ ሚስት የለውም። እዚህ ያለችው እህቱ ናት።»

ባፈና አንገቱን ደፋ።

«ዋለልኝ ለእናቱ አንድ ነው፤ እህት እንደሌለው ነግሮኛል። እንግዲያው ሌላ ዋለልኝ ነው ብዬ ሄድኩ... እሱ በማግስቱ አረፈ።»

እኔ ያን ሰዓት እዚያው ቤት ውስጥ ልብስ እየተኮስኩ ነው። ዓብዱሰመድም ቤት የተሳሳተ ሰው መስሎት ሳይነግረኝ ቀርቷል።

«ሸሚዙስ?» አልኩት።

«የለበሰው በደም ተበላሽቶ ነበር። እንዲሁ አይቀበርም ብዬ ነጩን ከክፍሉ አመጣሁለት። ወረቀት ስለሌለኝ ሰው ሲያየኝ እፈራለሁ... ለዚያ ነው ለጎረቤቱ እንኳን ሳልናገር በጥድፊያ የወጣሁት።»

ባሌ ተላጭቶ የትም አልተቀመጠም...

የሰርጋችንን ሸሚዝ ለብሶ እዚሁ ከተማ አፈር ውስጥ ነው ያለው። እኔ ስረግመው ኖርኩ።

እህቶቼ... ሥራው ይቅርባችሁ አልልም፤ ችግሩን አውቀዋለሁ። ግን ቢያንስ አንድ ሰው፣ በሩ ላይ ያለው ሰው እንኳን፣ የማን ሚስት እንደሆናችሁ ይወቅ። የጠፋ ሰው ላይም ሳትፈልጉት አትፍረዱ። ፊልም የሌላ ሰው ታሪክ ነው።

አሁን የጨነቀኝ ይሄ ነው...

እማማ አዳነች ደክመዋል። በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ያ ከሃዲ ደወለ?»

ይረግሙታል... ግን የሚረግሙት በሕይወት ያለ ልጃቸውን ነው።

እውነቱን ብነግራቸው ደጉን ልጃቸውን እመልስላቸዋለሁ፤ ግን ሞቶ። ብደብቃቸው ደግሞ ያለ ጥፋቱ ከሃዲ እንደተባለ ይቀራል... እኔም ዛሬም እንደገና ሚስቱ አይደለሁም ማለት ነው።

ለበዓል መደወሌ አይቀርም። «ያ ከሃዲ ደወለ?» ይሉኛል።

እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር? እባካችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ቀስ ብዬም ቢሆን ሁሉንም አነበዋለሁ።