ከጥምጥሙ ሥር

"ግለጠው" አለ ባልኹ።

ኢላታን ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ እጁን አላነሣም። ሌሊቱን የነፈሰው ንፋስ አሸዋውን ጠርጎ ሰውየውን አፍና አፍንጫውን ከሸፈነው ጥምጥሙ ጋር አውጥቶታል። ከጎኑ የግመል አጥንትና የተሰባበረ አሞሌ ጨው ተበትኗል። ሰውየው አልበሰበሰም፤ የቴኔሬ በረሃ ሰውን ያደርቀዋል እንጂ አያፈርሰውም።

"እንዴት ብዬ ልግለጠው፣ አጎቴ? ታላቄ ቢሆንስ?"

"ባይሆንም የሌላ ሰው ታላቅ ነው። ግመሎቹ እንደተጫኑ ቆመዋል፤ ፀሐዩም አይጠብቀንም። ይልቅ ግለጠው።"

ታላቅ ወንድሙ ጉሙር ካቻምና ከጨው አገሩ ከቢልማ ጨው ጭኖ እንደወጣ ቀረ። አብሮት ከነበረው የግመል ቅፍለት አንድም ሰው አልተመለሰም። እናታቸው እርሟን አላወጣችም። ሚስቱን ራይሻቱን ለጋብቻ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ "ባል አለኝ" ብላ ትመልሰዋለች፤ ቅፍለት በመጣ ቁጥር ግን ከድንኳኗ ወጥታ የሰዎቹን አረማመድ ታያለች።

የሬሳው አንገት ላይ የክታቡ ክር ብቻ ቀርቷል። ልብሱ ማንም የሚለብሰው ዓይነት ነው።

የቅፍለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ ጀርባቸውን አዞሩ። ባልኹም ዞረ። በአገራቸው ወግ የወንድ አፍ አይታይም፤ የሞተ ሰው ደግሞ ራሱን መሸፈን አይችልም።

ኢላታን ጨርቁን ወደ ታች ሳበው።

ቀጭን ከንፈር፣ ትንሽ ጢም፣ ከአገጩ ሥር አሮጌ ጠባሳ። የፊት ጥርሶቹ ተደራርበዋል። ኢላታን ረጅም ጊዜ አየው። ጉሙር ጥምጥም ማሰር ሲጀምር እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ከአንድ ገበታ ሲበሉ እንኳ ጉሙር ጉርሻውን በጨርቁ ሥር ነበር የሚያሳልፈው። ወንድሙን የሚያውቀው በዓይኑ፣ በድምፁ፣ በአካሄዱ ነው። ይህ ሰው ከሦስቱ አንዱም የለውም፤ ዓይኑ የነበረበትን ቦታ አሸዋ ሞልቶታል።

"እሱ ነው?" አለ ባልኹ ሳይዞር።

"አላውቅም።"

"ወንድምህን አታውቅም?"

"አፉን አይቼው አላውቅም፣ አጎቴ።"

 "አፉን ሚስቱ ታውቀዋለች" አለ ባልኹ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ምን አየህ ብላ ትጠይቅሃለች። አጥብቀህ እየው።"

ኢላታን አጠገቡ ድረስ ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን፣ ጥርሱን፣ የጢሙን አበቃቀል አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ጥምጥሙን እስከ አፍንጫው ድረስ አስተካክሎ መለሰለት። ወደ መካ አዙረው ቀበሩት። ባልኹ ስም ሳይጠራ ጸለየለት።

ቅፍለቱ ተነሣ። ኢላታን ከኋላ ሆኖ፣ ያየውን እንዳይረሳው ለራይሻቱ እንደሚነግራት አድርጎ በሹክሹክታ ይደጋግመዋል። ጠባሳ ከአገጩ ሥር። የተደራረቡ ጥርሶች። ፊቱ እንዳይጠፋበት ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ መጣ፤ ጠባሳውም፣ ጥርሱም እንዳሉ አሉ። ዓይኑ በነበረበት ቦታ ግን አሸዋ አልነበረም። የጉሙር ዓይኖች ተከፍተው ያዩታል።